ሚጣን ልሸጣት ነው፤ እስቲ ምከሩኝ

የአዋሬ ነርስ ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ነገሩ የራሴ ሆነና መጣሁ።

መኪናዬ ቮልስ ናት። የ1965 ሞዴል፣ ክሬም ቀለም፣ 1200 ሞተር። (1965ቱ በፈረንጅ ነው። መኪና በእኛ አቆጣጠር አይወለድም።) የገዛኋት በ1999 ዓ.ም. ነው። ዕቁብ ወጣልኝና 38 ሺህ ብር ከፈልኩ። ስም ያወጣችላት እናቴ ናት። ግቢ አስገብቼ ሳቆማት ዞራ ዞራ አየቻትና «ይቺን ሚጣ ነው መኪና ብለሽ የገዛሽው?» አለች። በዚያው ሚጣ ሆና ቀረች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደሞዜን የበላው ጋራዥ ነው። ሴት ናት፣ ነርስ ናት፣ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብለው ይመስለኛል። አንዱ «ራዲያተሩ ይፈሳል» ብሎ 600 ብር ተቀበለኝ። ቮልስ ራዲያተር የሚባል ነገር እንደሌላት የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዝቅዛትም አየር ነው። ያን ቀን እንደተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ራሴ ተማርኩ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) አወጣለሁ፣ ፑንቲና (የእሳት ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን) አጸዳለሁ፣ ዘይት እቀይራለሁ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ያለችውን ወንፊት አውጥቶ ማጠብ ብቻ ነው። የሕፃን ልጅ ደም ሥር ፈልጎ ላገኘ ሰው ይሄ ምንም አይደለም።

አሁን ለምን ልሸጣት እንደተነሳሁ ልንገራችሁ። አዋሬ የነበርንበት ግቢ ፈርሶ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ሚጣ ከለላ የላትም፤ ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ላይ ነው የምታድረው። ወለሏ መበስበስ ጀምሯል። መብራቷ የሻማ ያህል ነው፤ የሌሊት ተረኛ ስሆን ከሆስፒታል ወደ ቤት የምመለሰው በግምት ነው ማለት ይቻላል። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ታማለች። ባለሁለት በር መኪና ውስጥ ወንበር አጥፎ ወደ ኋላ መግባት አልቻለችም። ከፊት ስትቀመጥ ደግሞ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ፣ አስቤዛው ልጆቹ ላይ።

ባለቤቴ «ወስኚ» ብሎኛል። እኔ ግን ቁልፏን ለሰው መስጠቱ አልሆንልሽ አለኝ። ለደላላ ሰጥቼ ልገላገል? አንዱን ክረምት ላሳልፋት? ወይስ ምን ላድርግ?

---

ቻርጅ ላይ ነኝ ፦

እህቴ፣ ሽጪ። በኤሌክትሪክ መኪና ግቢ። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ የለ። ማታ ሰክተሽ ትተኛለሽ። እኔ ከገባሁበት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጋራዥ የሄድኩት ጎማ ለማስነፋት ብቻ ነው።

---

ኮድ ሁለት ፦

ጎማ የሚነፋው ጎሚስታ ነው፣ ጋራዥ አይደለም 😄

ለጠያቂዋ፦ ጥር 2016 ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም ተፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ተጣድፈሽ ለመጀመሪያው ደላላ አትስጪ። ደላላ ዋጋ የሚነግርሽ የእሱን ኮሚሽን እያየ ነው እንጂ የአንቺን መኪና እያየ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሞተሯ ተቀይሮ ያውቃል? ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይገጥማል?

---

የሶማሌ ተራ ልጅ ፦

እውነቱን ልናገር? ወለሏ ከበሰበሰ እንደ መኪና አትሸጪያት። ፈታተሽ ሽጪያት። በር፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት፣ ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ ሁሉም ፈላጊ አለው። በድምሩ ሙሉዋን ከመሸጥ ይሻልሻል። ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

---

የአዋሬ ነርስ ፦

ወንድሜ፣ ለቀናው ሐሳብህ አመሰግናለሁ፤ ግን እንኳን ልፈታታት ይቅርና ቃሉን ሳነበው ሆዴን አመመኝ።

ኮድ ሁለት፦ ሞተሯ በ2005 ተቀይሯል። አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ለዚያች አንዲት መስመር አራት ቀን ተመላልሻለሁ። ያኔ ብሰድብም ዛሬ ተመስገን ብያለሁ።

---

የደጀን መንገደኛ ፦

ስለ ቮልስ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። አባቴ የ1960 ሞዴል ነበረው። ነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበረውም! ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እግር አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ጠምዘዝ ታደርጋለህ፤ መጠባበቂያው ቤንዚን ይለቀቃል። አባቴ አንዳንዴ ጠምዝዞ መመለሱን ይረሳል። ያኔ መጠባበቂያውም ያልቃል፤ እኛ ልጆች ወርደን እንገፋለን። መግፋት የተማርኩት ማንበብ ሳልችል ነው።

ደብረ ማርቆስ አያቶቻችን ጋ በየዓመቱ እንሄድ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርድ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ዳገቱ ላይ ትልልቅ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ሲያወጡ፣ ረዳቶች ጀሪካን ይዘው ውሃ ሲፈልጉ እናያለን። የእኛዋ ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ ጠጠጠጠ እያለች ታልፋቸዋለች። አባቴ መስኮት አውርዶ «ውሃ ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ክፋት ነው፤ ግን ደስታው የዓመቱ ትልቁ ነበር።

አባቴ በ1986 ሸጣት። የሸጠ ቀን ራቱን ሳይበላ ተኛ። እናቴ እስካሁን ታነሳበታለች፤ «እኔ አራስ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልሆነልኝም» ትላለች።

እህቴ፣ አትሽጫት።

---

ጡረተኛው መካኒክ ፦

ልጄ፣ የራዲያተሩን ነገር አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርኩ። በሙያ ወንድሞቼ ፈንታ ይቅርታ።

የደጀኑ ልጅም ትክክል ነህ፤ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ቮልስ አትፈላም ማለት አትግልም ማለት አይደለም። ውሃ ስለሌላት አትጮህም እንጂ ዘይቷ ይቃጠላል። ዳገት ጨርሳ አንድ አምስት ደቂቃ ማረፍ ነበረባት። አባትህ ውሃ ከመጋበዝ ይልቅ ቢያሳርፋት ይሻል ነበር።

ነርሷ ልጄ፣ ሸጥሽም አልሸጥሽም የሚከተለውን አድርጊ። የኋላውን ወንበር አንሺው። ባትሪዋ በቀኝ በኩል ከሥሩ ናት። ወለሉ የበሰበሰው በዚያ በኩል ከሆነ አይግረምሽ፤ የባትሪ አሲድ ነው የበላው፤ ዝናቡን ብቻ አትውቀሺ። ላሜራውን ቆርጦ አዲስ መበየድ ይቻላል። በስቱኮ ልሸፍነው የሚልሽን ሰው አታስጠጊ። ስቱኮ ለቀለም ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ወለል በስቱኮ አይቆምም።

ዋናው ግን የባትሪዋ ቁመት ነው። ከልኳ የረዘመች ባትሪ ተገጥማ ከሆነ፣ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ይቀራረባል። ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞላው ዝቅ ይልና ይነካዋል። ከዚያ የወንበሩ ገለባ ይቀጣጠላል። አንድ ሠርግ ላይ ሦስት ሚዜ ከኋላ ተጭነው፣ ዘፈኑ ደምቆ፣ ከሥራቸው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ። ዕጣን መስሏቸው ነበር። ባትሪው ላይ ወፍራም የጎማ ክዳን አድርጊበት።

የቤንዚን ቱቦዋንም እዪ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለችው የጎማ ቱቦ በሙቀት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ቤንዚን በትኩስ ሞተር ላይ ታንጠባጥባለች። የቮልስ ብሎክ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ ብሎኩ ከተያያዘ ውሃ ብትደፊበት ይብስበታል። ብዙ ቮልስ የሞተችው በእርጅና አይደለም፤ በዚህች ቱቦ ነው። እኔ በየሁለት ዓመቱ እቀይር ነበር፤ ቱቦዋ ደህና ብትመስልም።

መብራቷን የሻማ ያህል ነው አልሽ። የ65 ሞዴል ስድስት ቮልት ነው። ሰው ሁሉ ወደ 12 ቀይሪው ይልሻል። መጀመሪያ ግን ማሳውን አጽጂ። ከቦዲ ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ፍቺ፣ ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ መልሰሽ እሰሪ። ስድስት ቮልት ላይ ትንሽ ዝገት ብዙ መብራት ይሰርቃል።

ቫልቮላስ (የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋውን) በየስንት ጊዜው ነው የምታስተካክይው?

---

የአዋሬ ነርስ ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ በዝርዝር የሚጽፍልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቫልቮላ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ሳላስነሳት። የቀድሞ ጎረቤቴ ነው ያስተማረኝ፤ ነፍሱን ይማረው። «ሦስተኛዋን ሲሊንደር እንደ ታማሚ እያት» ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

---

ጡረተኛው መካኒክ ፦

ጎረቤትሽ አዋቂ ነበር። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ ሦስተኛዋ ሲሊንደር በሚሄደው አየር ላይ ነው። ስለዚህ እሷ የሚደርሳት አየር ያነሰም የሞቀም ነው። ቫልቮላ ቀድሞ የሚቃጠልባት እሷ ናት።

አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ ለቆላ የተለካ ከሆነ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ካንዴላሽ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

---

የአዋሬ ነርስ ፦

ቡናማ። እንደ ተቆላ ቡና ሳይሆን እንደ ማኪያቶ።

---

ጡረተኛው መካኒክ ፦

እንግዲያው መኪናዋ ጤነኛ ናት። የምትሸጪው ቆርቆሮ አይደለም። ዋጋ ስትጠሪ ይህን አስቢ።

---

የቨርጂኒያው ፦

ከአሌክሳንድሪያ ነው የምጽፈው። የእኔ የመጀመሪያ መኪና ካምሪ ነበረች፣ የ94። አገሩን የለመድኩት በእሷ ነው። ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታ ፓርኪንግ ሥራ፤ ብዙ ሌሊት ውስጧ ተኝቻለሁ። 260 ሺህ ማይል ስትደርስ ኢንስፔክሽን ጣላት። (ቨርጂኒያ በየዓመቱ አለ። የእናንተ ቦሎ ማለት ነው።) ማሠሪያው ከዋጋዋ በለጠ። ለበጎ አድራጎት ሰጠኋት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎታች መጥቶ ወሰዳት። እኔ ስልክ እያወራሁ ነበር። ዞር ስል የለችም።

የሚቆጨኝ መስጠቴ አይደለም። አጎቴ ቀበና ቮልስ ነበራቸው። ዳገቱን ስትወጣ ገና ከታች ሆና በድምፅ እናውቃታለን፤ በር ለመክፈት እንሽቀዳደማለን። አሁን አጎቴም የሉም፣ ቮልሷም የለችም። ዩቲዩብ ላይ የፈረንጅ ቮልስ ድምፅ ፈልጌ ሰማሁ፤ እሷ አይደለችም።

እህቴ፣ ከመሸጥሽ በፊት ጠዋት ስትነሳ ድምፅዋን በስልክሽ ቅጂ። ላኪልኝም። ሌላ አልጠይቅም።

---

ቻርጅ ላይ ነኝ ፦

የእኔ መኪና ድምፅ የላትም፣ ምን ልቅዳ 😅

---

ኮድ ሁለት ፦

ቆይ፣ ስለ ቮልስ ተወርቶ ጃንሆይን ማንም አላነሳም? እዚህ አገር ቮልስ ያላት ሰው ሁሉ ይህን ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም።

---

የአዋሬ ነርስ ፦

መቼም አይቀር! ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሰው ሚጣ ውስጥ ከገባ፣ ወንበሩን ወደ ፊት አጥፎ ጎንበስ ሲል የግድ ያነሳዋል። «ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 67 ያወጧቸው በዚህች ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ታማሚ ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው «እኔ ከእሳቸው በምን እበልጣለሁ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ዝም አሉ።

---

የአዋሬ ነርስ ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

ወለሉን አስበየድኩ። ስቱኮ አይደለም ጋሼ፣ ላሜራ ነው፤ ቆሜ እያየሁ ነው የተሠራው። ባትሪዋ ልኳ ናት፤ ክዳንም አድርጌላታለሁ። ማሳውን ፈግፍጌ መልሼ አሰርኩ። መብራቷ ጨመረ! አሥራ ምናምን ዓመት በጨለማ ስነዳ የኖርኩት በአንዲት ዝገት ነው።

የኋላውን ወንበር ሳነሳ ምን ምን እንዳገኘሁ አትጠይቁኝ። የትልቁ ልጄ አንድ እግር ካልሲ፣ የጡጦ ክዳን፣ የመጀመሪያው ሆስፒታል መታወቂያዬ (ፎቶዋን አላሳያችሁም)፣ የአንድ ብር ኖት። ወረቀቷ! ልጄ «ይሄ የየት አገር ገንዘብ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ማስታወቂያ አወጣሁ። የመጀመሪያው ሰው በር ሳይከፍት «የመጨረሻ ስንት?» አለ። ሁለተኛው ለሠርግ ኪራይ ሮዝ ሊቀባት ፈለገ። ሦስተኛው ደላላ ሆኖ ራሱን ገዢ አስመስሎ መጣ፤ ሲሄድ «ይህቺን ቆርቆሮ ማንም አይገዛሽም» ብሎኝ ሄደ።

አራተኛው ልጅ ነው። 26 ዓመቱ ነው፤ የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚሠራው። መኪና ኖሮት አያውቅም። መጣና ሰላም ብሎኝ ዝም ብሎ መሬት ላይ ተጋደመ፤ ከሥር አየ። ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ቫልቮላ መቼ ነው የታየው?» አለኝ።

እናንተዬ፣ ይህን ክር አንብቦ ነው የመጣው! ስሟን አይቶ አውቋታል። የጠየቅኩትን ከፈለ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ ደላሎችም ያነባሉ።

---

የሶማሌ ተራ ልጅ ፦

በፈታሻት ይበልጥ ነበር 🙂 ግን እንኳን ደስ ያለሽ። ልጁ ዕቃ ሲያጣ ይደውልልኝ፤ በዘመድ ዋጋ።

---

ኮድ ሁለት ፦

ስም ዝውውሩ ጨርሷል? ገና በውክልና ከሆነ ንቂ። ነገ አደጋ ቢደርስ፣ ስምሽ ሊብሬው ላይ እስካለ ድረስ የምትጠሪው አንቺ ነሽ።

---

የአዋሬ ነርስ ፦

ጨርሷል። ለምርመራ ስንሄድ ተቆጣጣሪው የቻሲ ቁጥሩን ከፊት ኮፈን ሥር ሲፈልግ ቆየ። «ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐሉ ላይ» አልኩት። የሞተር ቁጥሩንም ዲናሞው ሥር አሳየሁት። «እህቴ፣ መካኒክ ነሽ?» አለኝ። ነርስ ነኝ ስለው አላመነም።

ቁልፉን የሰጠሁት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አላለቀስኩም። ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። ሰፈር ስደርስ እግሬ ወደምትቆምበት ቦታ ወሰደኝ። ዘይቷ ያንጠባጠበችው ክብ ምልክት አስፋልቱ ላይ አለ። ጥበቃው «ዛሬ የት አደረስሻት?» አለኝ። ያን ጊዜ ግን አልቻልኩም።

---

የደጀን መንገደኛ ፦

ራት በላሽ?

---

የአዋሬ ነርስ ፦

አልበላሁም።

---

የቨርጂኒያው ፦

አይዞሽ እህቴ። ድምፅዋንስ ቀዳሽልኝ?

---

የአዋሬ ነርስ ፦ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ። በየቀኑ ነገ እያልኩ ሳልቀዳ ወጣች።

ግን ትናንት ምን ሆነ መሰላችሁ። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ፤ ልጁ ነው። ወንድሙን ኤርፖርት ሊያደርስ ነው፤ ሚጣ አልነሳም ብላዋለች። ብርድ ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ነዳጁን ደጋግመህ ረገጥከው አይደል?» አልኩት። አዎ አለ። አሰጥሟታል። «ነዳጁን እስከ ታች ርገጥ፣ እንደረገጥክ ያዘው፣ አትልቀቅ። አሁን አስነሳ። ከነገ ጀምሮ ግን በብርድ አንዴ ብቻ ርገጥና ልቀቅ፣ ከዚያ አስነሳ። ሁለቴ አትወድም» አልኩት።

ሞተሪኖው ሲያቃስት ይሰማኛል። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ተነሳች። ጠጠጠጠ። ልጁ ስልኩን ሳይዘጋው ወንበሩ ላይ ጣለው መሰለኝ፤ ማርሽ ሲያስገባ፣ ስትወጣ፣ ፍሬቻዋ ቲክ ቲክ ሲል ሁሉ ሰማሁ።

---

የቨርጂኒያው ፦

ቀዳሽው በይኝ!

---

የአዋሬ ነርስ ፦

በምን እጄ? ጓንት አድርጌ ነበር፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷም «ይሄ የምን ድምፅ ነው?» እያለች ነው።